ሰሌዳ የሌለው ወፍጮ

አርብ ገበያ፣ ግንቦት 20 ቀን

ውድ ዘካርያስ፣

«ውድ» ብዬ ለሰው ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ማመልከቻና የመሬት ውል ነበር፤ እዚያ ላይ «ለ» ብሎ መጀመር ይበቃል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ዘርፌ «ወረቀትም እንደ ናፍጣ ተወዷል፤ ይተዉት እንጂ» ስላለችኝ አራተኛውን ሳልቀድ እጨርሰዋለሁ። አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ እስከ አጥሩ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ነገሩ የተቆራረጠ ቢመስልህ ከዚህ የተነሣ ነው።

መካነ ኢየሱስ ከልጅህ ከእመቤት ቤት እንዳለህ ሰምቻለሁ። ወፍጮህ አንተ እንደዘጋኸው አለ። ማንም አልነካውም። ጥር 12 የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንዳየሁት ግን አታውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፣ ታገሠኝ። አንተ ከኔ ይልቅ ታጋሽ ነህ።

ከመስከረም እስከ ጥር የማስፈጫ ዋጋ ሦስት ጊዜ ጨመርክ። ሴቶቹ ከወፍጮህ ሲመለሱ በደጄ እያለፉ ያጉረመርማሉ። እኔ ደግሞ ዋጋን የሚያስጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የሰው ሆድ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። በመንገድ ሥራ ቀን ሠራተኛ ሆኜ፣ ዳቦ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ብቻዬን ፊደል ከለየሁ ወዲህ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ያላስተማሩት ሰው ደግሞ የሚያውቃትን ጥቂት ነገር አጥብቆ ይይዛል።

ጥር 12 ማኅበሩ በወርቁ ቤት ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው መዞር ጀመረ። አንተ ዘንድ ሊደርስ ሲል እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው፣ እኔ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጽዋውን ሳዞር ማንም «ለምን?» ብሎኝ አያውቅም።

«ናፍጣውን በስንት እንደምትገዛና ከማን እንደምትገዛ በዚህ ጽዋ ማልና ጠጣ» አልኩህ።

«አያ ገብሬ፣ በስንት እንደምገዛ አሁኑኑ እነግራችኋለሁ። ከማን እንደሆነ ግን አልናገርም። በሚካኤል ጽዋም አልምልም።»

«ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?»

«ንጹሕ ሰውም ጎረቤት አለው» አልክ፣ ቀስ ብለህ።

ወርቁ ከጥግ ሆኖ «የሱ ጎረቤት ኪሱ ነው» አለና ቤቱን አሳቀው። እኔም ሣቅሁ። ያ ሣቅ ከጽዋው ይልቅ ያንገበግበኛል። ከዚያ ጽዋውን በራስህ ላይ አሳልፌ ከጎንህ ላለው ሰጠሁ። ማኅበርተኛ ሁሉ እህሉን ወደ ዘካርያስ አይውሰድ አልኩ፤ አገሩም ተከተለኝ። አንተ ጋቢህን ሰብስበህ ወጣህ። በሳምንቱ ወፍጮውን ቆለፍክ፤ ከዚያ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄድክ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ።

ያን የወፍጮ ሞተር ስናመጣ ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ መኪና እዚህ አይደርስም ነበር። ከዋናው መንገድ እንደ ሕመምተኛ በወሳንሳ ተሸክመን፣ ሠላሳ ሰው እየተቀያየረ፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ቀን ፈጀንበት። ፊት ለፊት እኔና አንተ ነበርን። ያን ቀን ወንድሜ ነበርክ። ወፍጮው መፍጨት ከጀመረ በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ድሮ የተጣላ ሰው የሚመጣው እኔ ዘንድ፣ ከወይራዬ ሥር ነበር። አሁን ተራ የሚጠብቅ ሰው በጆንያው ላይ ተቀምጦ ጠቡን ለአንተ ይነግርሃል፤ አንተም ቀበቶውን እያጠበቅህ፣ ዱቄት በቅንድብህ ላይ እንዳለ፣ አንድ ሁለት ቃል ጣል ታደርጋለህ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ «አይ፣ ዘካርያስ አስታርቆናል» ይላሉ። «መልካም» እላለሁ። ሆዴ ውስጥ ግን መልካም አልነበረም። ዋጋ ስትጨምር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ስፈልገው የኖርኩት ጥፋት ተገኘ። ይህን ለአባ ካሴ የተናዘዝኩት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

እሺ። አጥሩ ጋ ሄጄ መጣሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሴቶቹ እህላቸውን ወደ ስማዳ መንገድ ወዳለው ወፍጮ መውሰድ ጀመሩ፤ ለደርሶ መልስ ግማሽ ቀን። የዚያ ወፍጮ ዋጋ ካንተም የበለጠ ነው። ሴቶቹ ሌላ ዘዴ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይከፍላሉ። ለጥቂት ጥቂቱ ዘርፌ የእጅ ወፍጮዋን ከጓዳ አውጥታ መፍጨት ያዘች። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ አንድ ጠዋት አጠገቧ ቆሜ፣

«ቢያንስ ሌባውን አስወጥተን ኅሊናችንን አጽድተናል» አልኳት።

እጇን ከመጁ ላይ አንሥታ አየችኝ። «ሌባው ወጥቶ ከሆነ ናፍጣ በኛ ጓሮ ለምን ይሸታል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጃችንን ይታየውን ይጠይቁት። ዘካርያስ ስም ያልጠራው ለእርስዎ ብሎ ነው። ያልሰማችሁት እርስዎና ሚካኤል ናችሁ፤ እሱም ሳይሰማ አይቀርም።»

ይታየው የሰው አይሱዙ እንደሚነዳ ታውቃለህ። ጓሮውን ዞሬ ገለባውን በዱላዬ ገለጥ ሳደርገው ጀሪካኖቹ ተደርድረው ተኝተዋል። እሱ መኪናውን ያጥብ ነበር።

«ለዘካርያስ ስትሸጥለት የነበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባዬ» አለ። ውሸት አላስተማርኩትም፤ ያን ጊዜ ግን ቢዋሸኝ በወደድኩ።

«ማደያው ከሚሸጠው በላይ?»

«በላይ ነው። በማደያው ዋጋ ቢገኝማ በዚያው እሰጠው ነበር። ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ሰልፍ እቆማለሁ። ተራ የሚይዝልኝ ይበላል፣ በር ላይ ያለው ይበላል፣ ኬላ ላይ ያለው ይበላል። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ደግሞ ያለው ነገር ሁሉ እጥፍ ይሆናል።»

«አንተስ?»

«እኔም እበላለሁ። ጾመኛ ነኝ መች አልኩ?»

ዱላዬን አነሣሁ። አልመታሁትም፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። መልሼ ጠየቅሁት።

«ማደያውስ ለምን ጨመረ?»

«ድጎማው ተነሣ። መንግሥት ይሞላ የነበረውን ልዩነት ቀስ በቀስ ተወው።»

«ለምን ተወው?»

«ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነዋ። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ብዙ ብር ይጠይቃል።»

«በየትኛው ገበያ?»

«በገበያ ነዋ፣ አባዬ።»

«በአርብ ገበያ?»

ሣቀብኝ። እኔ ግን ለቀልድ አልጠየቅሁም። እኔ የማውቀው ገበያ ገዢና ሻጭ ዓይን ለዓይን የሚተያዩበትን ነው፤ የገብስ ዋጋ ቢወደድ አርብ ዕለት ያስወደደውን ሰው በስሙ ጠርቼ ከነአባቱ እሰድበዋለሁ። ሻጩን የማላይበት፣ ገዢውን የማላይበት፣ ዋጋው ግን ዘርፌ ትከሻ ላይ መጥቶ የሚያርፍበት ገበያ አላውቅም።

በማግሥቱ መቀመጥ አቃተኝ። ሰኞ ዕለት ማደያ ወዳለበት ከተማ ወጣሁ። ሌባውን ላገኝ ነው የሄድኩት፤ ልደብቅህ አልፈልግም። የቦቴ ሹፌር ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሽሮ ሲበላ አገኘሁና ሳልጋበዝ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ናፍጣ መጀመሪያ የሚያስወድደው ማነው?»

«አባቴ፣ እኔ ከጅቡቲ ነው የማመጣው። እዚያ ስደርስ ተወድዶ ይጠብቀኛል።»

«እዚያስ ማን አስወደደው?»

«መርከቡ። መርከቡ የሚያልፍበት ባሕር ጦርነት ካለበት መድኑ ይጨምራል። ሆርሙዝ የሚሉት ጠባብ በር አለ፤ ሊዘጋ ነው ከተባለ ገና ሳይዘጋ ዋጋው ይዘላል።»

«ሳይዘጋ?»

«ሳይዘጋ። በወሬ።»

«ወሬውን የሚያወራው ማነው?»

«እሱን ካገኙት ለኔም ይደውሉልኝ» አለና እንጀራውን ወደኔ ገፋ አድርጎ «ይልቅ ይቅመሱ» አለኝ። አልቀመስኩም። ሌባ ፍለጋ የወጣ ሰው አይበላም።

ከዚያ ወደ ማደያው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ በትልቁ «በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። ቀጂውን ጠራሁት።

«ለወፍጮስ?»

«ሰሌዳ አለው?»

«ወፍጮ ነው ያልኩህ።»

«ሰሌዳ ከሌለው የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ።»

«ከየት?»

«ከሚመለከተው።»

ዘካርያስ፣ እዚያ ሰልፍ መካከል ቆሜ ነው የገባኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ያቺን የላስቲክ ማኅደር በብብትህ ይዘህ በየሳምንቱ ወደ ወረዳ ቢሮ ስትመላለስ አይሃለሁ። «ጉቦ ሊያቀብል ነው» ብዬ ለወርቁ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለካ የድጋፍ ደብዳቤ ለመለመን ነበር። ባለመኪናው ሰሌዳውን አሳይቶ ይቀዳል፤ መኪናው ለሠርግ ይሂድ ለመዝናናት፣ ማንም አይጠይቀውም። አንድ አገር ሙሉ ዱቄት የሚበላበት ሞተር ግን እግር ስለሌለው፣ ወደ ማደያው ሄዶ መሰለፍ ስለማይችል፣ ከገለባ ሥር ካለ ጀሪካን እንዲጠጣ ተፈርዶበታል። ባሕሩ ሩቅ ነው እሺ፣ ዶላሩም ሩቅ ነው። ይህን ክልከላ ሲጽፉ ወፍጮ የሚባል ነገር ያላሰቡት ሰዎች ግን ሩቅ አይደሉም። የነሱን ጥፋት በሆርሙዝ አላሳብብም። የልጄንም አላሳብብም። ይታየው ከአንተ ችግር ላይ ቆርሶ በልቷል፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ። «ካቆምኩ ማን ያመጣል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቂጤ መሬት አልነካም ብልህ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ አንተም አልተሳሳትክም ማለት አይደለም። ለምን እንደጨመርክ ሰውን ሰብስበህ መናገር ነበረብህ። በሩ ላይ አዲሱን ዋጋ በጠመኔ ጽፈህ ዝም ማለት ትክክል አልነበረም። ይህን ጽፌ ለዘርፌ ባነብላት «አሁን ይቅርታ ነው ይሄ?» አለችኝ። ይቅርታውም ይመጣል፤ እውነቱን ግን ለይቅርታ ብዬ አልቆርጠውም።

ግንቦት 12 ማኅበሩ በአባ ካሴ ቤት ነበር። ጽዋው ሳይዞር ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጀሪካኑን፣ ይታየውን፣ ማደያውን፣ የላስቲክ ማኅደርህን። ይደነግጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልደነገጠም።

«ታውቁ ነበር?» አልኩ።

ወርቁ አንገቱን ደፍቶ «የተወሰንነው እናውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ ጥር ላይ ለምን አልተናገራችሁም?»

«አያ ገብሬ፣ እርስዎን ማን ይደፍራል?»

ይህን እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም። ሰው የሚፈራኝ ትክክል ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። አንድ ንጹሕ ሰው ሲወጣ አገር ዓይኑን የጨፈነው ግን ቁጣዬን ፈርቶ ነው። አንተም ብትሆን ልጄን አጋልጠህ ራስህን ማዳን ትችል ነበር፤ ዝም ያልከው እኔ በማኅበሬ ፊት እንዳላፍር ነው። እኔ አንተን በማኅበርህ ፊት ሳዋርድህ።

«እንግዲህ ጽዋው እኔንም ይለፈኝ፤ ሙሴነቱንም ለሌላ ስጡ» አልኩ።

አባ ካሴ ተቆጡ። እሳቸው ሲቆጡ አይተህ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። «ጥር ላይ ከሳሹም ፈራጁም አንተ ነበርክ። ዛሬ ደግሞ ተከሳሹም ፈራጁም አንተው ልትሆን? ጽዋው የሚካኤል ነው፤ የአንተ ዱላ አይደለም። በፈለግህ ጊዜ ሰው አትመታበትም፣ በፈለግህ ጊዜም ራስህን አትመታበትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባቴ?»

«ያሳለፍከው ሰው በእጁ እስኪሰጥህ ድረስ አትጠጣም። እሱ ካልሰጠህ አትጠጣም፤ በቃ። ሙሴነቱን ወርቁ ይያዝ።»

ሙሴነቱን አስረከብኩና ከበሩ አጠገብ፣ ጥር ላይ አንተ ከነበርክበት ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጽዋው አለፈኝ። ጠላው እስካፍንጫዬ ሸተተኝ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ወር እንኳ አልፎኝ አያውቅም። በዚህ ዕድሜ ማኅበሩ ያልተቀበለኝ ሆኜ መሞት አለ፣ እሱም ያስፈራኛል። ግን ስለዚህ ብለህ ይቅር አትበለኝ። ስለ ፍርሃቴ ብለህ የምትሰጠኝን ጽዋ አልፈልገውም።

ወፍጮውን መጥተህ ክፈት ብዬም አልለምንህ። በምን ትከፍተዋለህ? ላንተ የድጋፍ ደብዳቤ ለማውጣት ማኅበሩ የፈረመበትን ማመልከቻ ይዤ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ጠዋት ከቢሮው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉኛል። «እጠብቃለሁ» እላለሁ። ትናንት ዘበኛው «አባቴ፣ ነገ ይምጡ» ሲለኝ «ነገማ እመጣለሁ፤ ዛሬ ግን ገና አልሄድኩም» አልኩት። ይሰጣሉ ብዬ ቃል አልገባልህም። ቢሰጡም ናፍጣው ነገ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ራዲዮኑ ስለዚያ ጠባብ ባሕር ማውራቱን አላቆመም፣ እኔም መስማቱን አላቆምኩም። እንደ ዱሮዬ ላደርገው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ አግዳሚው ላይ መቀመጥ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የእመቤት ባልንጀራ ስንዱ ናት፤ ለጋብቻ ጉዳይ ወደዚያ ትሄዳለች። ከደረሰህ በኋላ መልስ አትጻፍልኝ። ደብዳቤ ማንበብ ይመቸኛል፣ መጠበቅ ግን አልችልም። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ እመጣለሁ። እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ድንጋይ ተሸክሜ ደጅህ ላይ እንበረከካለሁ። ይህን ሥርዓት ስንት ሰው ላይ እንዳስፈጸምኩ ታውቃለህ፤ በራሴ ላይ ፈጽሜው አላውቅም፣ ጉልበቴ እንዴት እንደሚታጠፍ እናያለን። ድንጋዩን ግን ከዚያው ከመካነ ኢየሱስ አነሣለሁ። ከዚህ ይዤው ብሳፈር፣ የመኪና ታሪፍ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ረዳቱ የዕቃ ሳያስከፍለኝ አይቀርም፤ እኔም ስለ ድንጋይ ከረዳት ጋር ስጨቃጨቅ የመጣሁበትን ጉዳይ እረሳዋለሁ።

ትልቅ ድንጋይ አልመርጥም፣ ትከሻዬ አይችልም። ትንሽ መርጬም አላታልልህም።

አንሣኝ ብዬ አልለምንም፤ ማንሣትና አለማንሣት የአንተ ነው። በሩን ብትዘጋው አልቆጣም። ቁጣዬን አርብ ገበያ ትቼው እመጣለሁ። ግን እልኼን የምተውበት ቦታ አላገኘሁምና፣ በሩ እስኪከፈት ደጅህ ላይ ነኝ።

በድዬሃለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።

ገብረ ኢየሱስ